በረዶ ያላየን ሰዎች በቱብቃል ተራራ



በልጅነታችን ቁርኣን ቤት ስንቀራ ከሶላት መክፈቻ ዱዓዎች አንዷን ሸምድደን ነበር። ሰው ከኃጢአቱ በውኃ፣ በሠልጅና በበረድ እንዲታጠብ የሚለምንባት ዱዓ ናት። ውኃውን እናውቀዋለን። በረዱንም እናውቀዋለን፤ በክረምት ቆርቆሮ የሚደበድበው፣ ሽንብራ የሚያክለው የእኛው በረዶ ነው፤ ስሙ እንኳ አንድ ነው። ሠልጁን ግን ማን አይቶት? ሸኻችንን ብንጠይቃቸው ‹‹ከሰማይ እንደ ጥጥ የሚወርድ ነገር ነው፤ ሻም አገር አለ ይላሉ›› ብለው ወደ ሎሓችን መለሱን። በኋላ በመንግሥት ትምህርት ቤት ያስተማሩን የጂኦግራፊ መምህርም ከዚያ የተሻለ ነገር አልነገሩንም። አማርኛችን ራሱ ሁለቱንም ‹‹በረዶ›› ብሎ ያልፋቸዋል። ‹‹አመዳይ›› የሚል ቃል ቢኖርም ብዙዎቻችን የምንጠቀምበት ሣሩ ላይ ለሚያድረው ውርጭ ነው።

እንግዲህ በ2017፣ ኢድ አል ፊጥር ካለፈ በኋላ፣ ስለ ዐረብኛ አስተማማር የሦስት ሳምንት ሥልጠና ለመውሰድ ወደ ሞሮኮ፣ መራክሽ ከተማ የሄድን ስድስት መምህራን ነበርን። በመጀመሪያው ቀን ጠዋት ያረፍንበት ቤት ሰገነት ላይ ወጥተን ወደ ደቡብ ስንመለከት አድማሱን የሞላ ነጭ ደመና አየን። ደመናው ግን አይንቀሳቀስም። ሻይ ይዞ የመጣውን ልጅ ጠየቅነው። ‹‹አሥ-ሠልጅ›› አለን ትሪውን እያስቀመጠ፤ ‹‹አትላስ ነው፤ ከሁሉም የሚበልጠው ቱብቃል ይባላል።›› እታች የተምር ዛፍና ሙቀት፣ እላይ ሠልጅ! ሱብሓነላህ! ከዚያች ጠዋት ጀምሮ የሻይ ሰዓት ወሬያችን ሌላ አልነበረም።

ስድስታችንን እናስተዋውቃችሁ። በዕድሜ ትልቁ ሐጂ ናቸው፤ ከድሬዳዋ የመጡ፣ 27 ዓመት ልጆች ያቀሩና ያስተማሩ ሰው። ከጅማ የመጡ ባልና ሚስት አሉ፤ ሁለቱም መምህራን ናቸው። ከደሴ አንዲት የሒሳብ መምህርት እህታችን፣ ከአዲስ አበባ ደግሞ ገና 26 ዓመት ያልሞላው ወጣት ባልደረባችን አለ። ስድስተኛው የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ነው። ከመካከላችን ተራራ የወጣ ሰው የለም። ሆኖም ጉራ አላነሰንም። ቱብቃል 4167 ሜትር ነው፤ ከሰሜን አፍሪካ ተራሮች ሁሉ የሚበልጥ። የእኛው ራስ ደጀን ግን ከ4500 ሜትር በላይ ነው! ‹‹እኛ እኮ የደጋ ሰዎች ነን፤ ይህ ለእኛ ዳገት ነው እንጂ ተራራም አይባል›› እየተባባልን ሳቅን። ራስ ደጀንን በሥዕል ካልሆነ አይተን የማናውቅ መሆናችንን ያነሳው የለም።

ለመሆኑ ከፍ ያለው ራስ ደጀን ሳይነጣ ዝቅ ያለው ቱብቃል ለምን ነጣ? ወጣቱ ባልደረባችን ጂኦግራፊ ስለሚያስተምር አንድ ምሽት ስኳር በሻይ ብርጭቆ ዙሪያ እየደረደረ አስረዳን። ራስ ደጀን ከምድር ወገብ 13 ዲግሪ ያህል ብቻ ይርቃል፤ ቱብቃል ግን 31 ዲግሪ። ከዚህም በላይ እኛ ዘንድ ዝናቡና ብርዱ አይገናኙም። ሌሊቱ የሚቆረጥመው በኅዳርና በታኅሣሥ ሰማዩ ጥርት ብሎ ነው፤ ዝናቡ የሚመጣው በክረምት ነው። ሞሮኮ ውስጥ ዝናብ ከአትላንቲክ ውቅያኖስ የሚመጣው ራሱ ብርዱ ባለበት ወራት ስለሆነ ከፍታው ላይ ሲደርስ ሠልጅ ሆኖ ይወርዳል፤ ከኅዳር ጀምሮ እስከ ግንቦት ድረስም ከላይ አይጠፋም። ሐጂ ይህን ሰምተው ‹‹እንግዲያው ሳያልቅ እንሂዳ›› አሉ። ጉዞው የተቆረጠው ያን ዕለት ነው። እጅ በእጅ ላይ ደራርበንም አብረን ወጥተን አብረን እንወርዳለን ተባባልን።

በሥልጠናው ማብቂያ፣ የሸዋል ወር ሊያልቅ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ ወደ ኢምሊል መንደር ሄድን። ከመራክሽ በስተ ደቡብ 65 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መንደሯ 1740 ሜትር ላይ ናት፤ ከአዲስ አበባም ከደሴም ታንሳለች ማለት ነው። ይህም ጉራችንን ጨመረልን። የፖምና የቼሪ ዛፎች አብበዋል፤ እርከኑ ላይ ገብስ ለምልሟል፤ የቀለጠው በረዶ በየቦዩ እየጮኸ ይወርዳል። መንደርተኞቹ አማዚጎች ናቸው፤ እርስ በርሳቸው ታሸልሒት ይነጋገራሉ። በየቦታው ግን ግማሽ የፈረሰ ግድግዳ፣ አዲስ ብሎኬት፣ የአሸዋ ክምር ይታያል። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 8 ቀን 2023 (ጳጉሜን 3 ቀን 2015) ሌሊት መጠኑ 6.8 የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ይህን አካባቢ ነው የመታው። ወደ 3000 የሚጠጋ ሰው ሞቷል። የተከራየነው መሪ ‹‹በቀን ሰው እርሻ ላይ ነበር፤ የመጣው ግን ሰው ሁሉ ቤቱ ሲገባ ነው›› ብሎ ወደ ማዶ ተመለከተ። ከዘመዶቹም የሞቱበት አሉ። እኛ ‹‹አላህ ይማራቸው›› ከማለት በቀር ምን እንላለን?

ከመሪ ጋር መውጣት ግዴታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ ሁለት የውጭ አገር ሴቶች እዚያ አቅራቢያ ከተገደሉ ወዲህ ፈቃድ ያለው መሪ ያልያዘ ሰው ኬላውን አያልፍም፤ ፓስፖርትም ይመዘገባል። መሪያችን በ30ዎቹ ውስጥ የሚገኝ፣ ትንሽ የሚናገር ሰው ነው። ረዳቱ ደግሞ የአጎቱ ልጅ ነው። ማታ በመንደሩ መስጊድ ሰገድን። ኢማሙ በወርሽ ቂራኣ ነው የቀሩት፤ በፋቲሓ ውስጥ እኛ ‹‹ማሊኪ›› ብለን የምንጎትታትን ‹‹መሊኪ›› ብለው አሳጠሯት። እጃቸውንም እንደ ማሊኪዮች ለቀው ነው የቆሙት። ሐጂ ከሶላት በኋላ እንደ ልጅ ደስ ብሏቸው ‹‹በኪታብ ያነበብኩትን በጆሮዬ ሰማሁት›› አሉን።

በማግስቱ ጠዋት ጓዙን በበቅሎ አስጭነን ተነሣን። የበቅሎው ባለቤት ሸምገል ያለ ሰው ሲሆን በመድረሳ ዐረብኛችን ስንጠይቀው ከት ብሎ ሳቀ። መሪያችን ሲተረጉምልን ‹‹እንደ ጁምዓ ኹጥባ ነው የምትናገሩት፤ በቅሎዬ አሚን ልትል ትችላለች ይላል›› አለን። ከዚያ በኋላ በቅሎዋን ‹‹ሙእሚና›› ብለን ጠራናት።

ከሦስት ሰዓት ያህል ጉዞ በኋላ ሲዲ ሸምሀሩሽ የሚባል ቦታ ደረስን። ከባሕር ወለል 2300 ሜትር ያህል ከፍ ያለ ነው። በነጭ ቀለም የተቀባ ግዙፍ ቋጥኝ አለበት፤ ሥሩ የጂኖች ንጉሥ የሚባለው መቃም ነው። አእምሮውን ያመመው ሰው ከሩቅ አገር ሁሉ ይመጣል። እኛ ወሎና ሐረርጌ ያደግን ሰዎች የዚህን ዐይነት ቦታ ለማወቅ ሞሮኮ ድረስ መምጣት አያስፈልገንም። ክርክሩም አይጠፋንም፤ እዚህ ግን አንገባበትም። ይህን ቦታ ያነሣነው በሌላ ምክንያት ነው። በቋጥኙ አጠገብ ተቀምጠን ሻይና ዳቦ ሲቀርብ ሐጂ እጃቸውን አልዘረጉም። የሸዋልን ስድስት ቀን እየጾሙ ኖሯል፤ ይህች ቀን የመጨረሻዋ ናት። መንገደኛ ማፍጠር እንደሚፈቀድለት፣ ያውም በሱና ጾም፣ ለእሳቸው ማን ይነግራቸዋል? የደሴዋ እህታችን ብቻ ‹‹ሐጂ፣ ውኃ እንኳ ቢቀምሱ? መንገዱ ገና ነው›› አለቻቸው። ‹‹አንቺ ልጅ፣ ድሬዳዋ በሰኔ ፀሐይ ጾሜ አውቃለሁ፤ ይህ እኮ ጥላ ነው!›› ብለው አሳቋት። እኛም ሳቅን።

3000 ሜትር ሳንደርስ መንገዱ ነጣ። የመጀመሪያውን ሠልጅ የረገጥናት የጅማዋ እህታችን ናት። እንደ ጨው ትንኮሻኮሻለች። ባሏ ዘግኖ ሸተተው። ሐጂ ጎንበስ ብለው በሁለት እጃቸው ቢያነሡት እጃቸው ላይ መቅለጥ ጀመረ፤ ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው አዩት። ‹‹50 ዓመት ሙሉ ስጠራው የኖርኩት ነገር ይህ ነው?›› አሉ። ማናችንም አልመለስን። ወጣቱማ ጓንቱን አውልቆ መሬት ላይ ይንከባለላል! በቅሎዋ ከዚያ በላይ መሄድ ስለማትችል ጓዙን ረዳቱና ሁለት ተሸካሚዎች ወሰዱት።

ማደሪያው የድንጋይ ቤት ነው፤ 3207 ሜትር ላይ። ከሰዓት በኋላ መሪያችን አጠገቡ ካለው ተዳፋት ላይ ወስዶ ትምህርት ሰጠን። ከጫማችን ሥር ክራምፖን የሚባለውን ባለ ጥርስ ብረት አሰርን። በእጃችን ደግሞ እንደ ዶማ ያለች አጭር መሣሪያ ያዝን፤ በአንድ ወገን ሹል ናት፤ በሌላው ወገን ሰፋ ትላለች። ሰው ቢንሸራተት በደረቱ ተኝቶ ሹሉን ከትከሻው ሥር በክብደቱ ተጭኖ በረዶው ውስጥ ይተክለዋል፤ እግሩን ግን ያነሣል፤ ብረቱ በረዶውን ቢነክስ ሰውየውን ገልብጦ ይጥለዋልና። መሪያችንን ከሁሉም በላይ ያሳሰበው የእህቶቻችን ረጅም ልብስ ነበር። ከሰፊው ሱሪና ከቀሚሱ የተነሣ የብረቱ ጥርስ ጨርቅ ቢይዝ መውደቅ አይቀርም። የደሴዋ እህታችን የወሎ ገበሬ ሴት እንደምታደርገው ቀሚሷን ወገቧ ላይ ሸብ አድርጋ፣ ሱሪዋን ከጉልበቷ በታች በጨርቅ ጠቅልላ መርፌ ቁልፍ ሰካካችበት። መሪው ዞሮ ዞሮ አየና ‹‹ጥሩ ነው›› አለ። ከእሱ አፍ ይህ ትልቅ ሙገሳ ነው። መንሸራተቱንም ከሁላችን ቀድማ የለመደችው እሷ ናት።

መግሪብ ሲደርስ ሐጂ በሦስት ተምር አፈጠሩ። ታጂኑ በሸክላው ውስጥ እየተንተከተከ ቀረበ። እኛም ከአገር ቤት ያመጣነውን በሶ በጥብጠን አቀረብን። መሪያችን አሽትቶ ፊቱ በራ። የእናቱ ዘሚታ ነው አለ፤ እነሱም ገብስ ቆልተው ፈጭተው ይበሉታል። ሁለት ኩባያ ጠጣ። ሐጂ ግን ዳቦዋን ቆርሰው፣ ጠቅሰው፣ መልሰው አስቀመጧት። ‹‹ጾም የለመደ ሆድ ነው›› አሉ። ያን ጊዜ መሪያችን ሁላችንንም በዐይኑ እያዳረሰ ‹‹ራሱን የሚያመው አለ?›› ብሎ ጠየቀ።

እውነቱን እንናገር። ሁላችንንም ትንሽ ትንሽ ያመን ነበር። እዚያ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ባሕር ጠረፍ ካለው ሁለት ሦስተኛው ገደማ ብቻ ነው፤ ጫፉ ላይ ደግሞ ወደ 60 ከመቶ ይወርዳል። የደጋ ሰው መሆናችንም እምብዛም አልጠቀመን፤ መራክሽ ቆላ ናት፤ ሦስት ሳምንት እዚያ የከረመ ደም የደጋ ልማዱን ይረሳል። ሐጂማ ከመጀመሪያውም የድሬዳዋ ሰው ናቸው። ሁላችንም ሐጂን አየን፤ ከዚያም ሰሐኖቻችንን አየን። ‹‹የለም›› አልነው። ብንናገር ጉዞው እንዳይቀር ሰጋን። ሌሊቱንም ሐጂ አራት ጊዜ ሲወጡ ሰማን። በአራተኛው ውጭ ሲያስመልሳቸው ሰማን። ብርድ ልብሱ ከባድ ነበር፤ እንቅልፍ የያዘን መስለን ተኛን።

ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ተነሣን። ሌሊት የሚወጣው በረዶው እንደ ድንጋይ ጠንክሮ ብረቱን እንዲይዝ ነው፤ ረፋድ ላይ ፀሐይ ሲመታው ይላላል፤ እስከ ጉልበት ያሰምጣል። ውዱእ አድርገን ጫማችንን አጠለቅን። እግር ማጠብ እንደገና ስለማይታሰብ በጫማ ላይ ስለ ማበስ ትንሽ ክርክር ተነሣ። ሐነፊውም ሻፊዒውም መንገደኛ ሦስት ቀን ከነሌሊቱ ማበስ እንደሚችል ሲያስረዳ፣ ማሊኪው መሪያችን ‹‹እኛ ዘንድ የቀን ገደብ የለውም፤ አሁን ግን እንሂድ›› ብሎ ዘጋው።

በራሳችን ላይ ባሰርነው መብራት እግራችንን ብቻ እያየን በጠባቡ ሸለቆ ወጣን። መጀመሪያው ቀጥ ያለ አቀበት ነው። ድምፅ የለም፤ ብረቱ በረዶውን ሲነክስ ብቻ ይሰማል፤ ጭ... ጭ... ጭ... አቀበቱ ሲያልቅ እንደ ሰፊ ጎድጓዳ ሳህን ወዳለ ሜዳ ደረስን። 11 ሰዓት ተኩል ይሆናል፤ ጎሕ ቀዷል። አገር ቤት ፊታችንን ወደ ሰሜን አዙረን ነው የምንሰግደው፤ እዚህ ቂብላው ምሥራቅ ነው። ምሥራቁ ደግሞ የምንወጣው ተራራ ራሱ ነው። መሪያችንና ረዳቱ ጭምር ተሰለፍን። ሐጂ እንደ ልማዳቸው ወደ ፊት ቀረቡ።

ፋቲሓው ደህና ነበር። ቀጥለው ሱረቱ ዱሓን ጀመሩ። ከጥቂት አንቀጽ በኋላ ቆሙ። ነፋስ ነው ብለን ጠበቅን። ወጣቱ ከኋላ ቀጣዩን አቀበላቸው፤ ደገሙትና መልሰው እዚያው ላይ ቆሙ። ሰባት ዓመት ያልሞላው ልጅ የሚቀራት ሱራ ናት። 27 ዓመት ልጆችን ያስቀሩባት ሱራ! ረጅም ዝምታ ሆነ፤ ከዚያ ሩኩዕ ወረዱ። ካሰላመቱ በኋላ ወደ እኛ ዞረው ‹‹ምን ቀረብኝ?›› ብለው ጠየቁ፤ ሊነሡ ሲሉ ወደ ጎን ዘመም አሉ።

መሪያችን ሌላ ነገር ሳይናገር ተንበርክኮ ብረቱን ከእግራቸው ፈታላቸው። ሜዳው ላይ በመሣሪያው መስመር አሰመረና የአንዱን እግር ተረከዝ ከሌላው ጣት እያገናኙ በመስመሩ ላይ እንዲራመዱ ለመናቸው። በሦስተኛው እርምጃ ከመስመሩ ወጡ። ሁለተኛም ሞከሩ፤ ወጡ። ‹‹ኤል-ሓጅ አሁኑኑ ይወርዳል›› አለ። ራስ ምታት ብቻ ቢሆን አርፎ ማየት ይቻላል፤ አረማመድና ትውስታ ሲዛባ ግን ከፍታው አንጎልን መንካት ጀምሯል ማለት ነው፤ መድኃኒቱም አንድ ነው፤ መውረድ። ቢዘገይ ይገድላል። ይህን ሲነግረን ድምፁን ከፍ አላደረገም። ‹‹ማታ ጠይቄ ነበር›› የምትለውን ብቻ ጨመረ።

ረዳቱ ሊያወርዳቸው ተዘጋጀ። እኛስ? በቃላችን መሠረት ሁላችንም ልንወርድ ይገባ ነበር። ሐጂ ‹‹በእኔ የተነሣ ማንም እንዳይመለስ፤ በአላህ!›› ይላሉ፤ ምላሳቸው ግን ከብዷል። ከላይ የተራራው ትከሻ በጠዋቱ ብርሃን ቀላ፤ ቅርብ ይመስላል። ማን እንደሚናገር እየጠበቅን ቆምን። በመጨረሻ ወጣቱ ነው የተናገረው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ከዚህ ተራራ በቀር ያላወራው፣ ጓንትና መነጽር የገዛው፣ እንደ ሕፃን በረዶ ላይ የተንከባለለው ልጅ። ‹‹ሐጂ ልጃቸውን ይዘው ይወርዳሉ›› አለና ስልኩን ለደሴዋ እህታችን ሰጣት። ‹‹ጫፉ ላይ ፎቶ አንሡልኝ።››

‹‹እኛም እንውረድ›› ብለን አንድ ጊዜ ተናገርን። አጥብቀን አልተከራከርነውም።

ስለዚህ ከዚህ በኋላ ‹‹እኛ›› ስንል አራታችንን ነው፤ ባልና ሚስቱን፣ የደሴዋን እህታችንንና የዚህን ጽሑፍ አቅራቢ። የሐጂ መብራት ሸለቆው ውስጥ እያነሰች ስትሄድ ደጋግመን ዞረን አየን፤ ከዚያ በኋላ መብራትም አላስፈለገም፤ ነጋ።

ቀሪው መንገድ አጭር ሆኖ ረጅም ነው። በየ20 እርምጃው እየቆሙ መተንፈስ ነው። ከሁለቱ ጫፎች መካከል ያለው በር ላይ ስንደርስ (እነሱ በሩን ‹‹ቲዚ›› ይሉታል) ነፋሱ ፊታችንን በጥፊ መታው። ከዚያ ወደ ግራ በትከሻው ይታለፋል፤ በአንድ ወገን ገደል ነው። የጅማው ወንድማችን እዚያ ላይ ጉልበቱ ከዳው። ሚስቱ መሣሪያዋን ተክላ ‹‹እኔን እንጂ ታቹን አትይ›› እያለች መራችው። በአገራችን ባል ነው ሚስቱን የሚመራው የሚል ካለ እዚያች ትከሻ ላይ ባያት ጥሩ ነበር።

ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ላይ ጫፉ ላይ ቆምን። የብረት ምሰሶዎች በሦስት ማዕዘን ቆመውበታል፤ የመንገደኛ ተለጣፊ ሁሉ ለጥፎባቸዋል። ከተጻፈው ታሪክ መጀመሪያ እዚህ የደረሱት እ.ኤ.አ. ሰኔ 12 ቀን 1923 ማርኪ ደ ሰጎንዛክና ሁለት ጓደኞቹ ናቸው። ከዚያ በፊት ስንት እረኛ ፍየሉን ፍለጋ ወጥቶ ይሆን? እረኛ ደግሞ መዝገብ አይይዝም። በስተ ሰሜን የመራክሽ ሜዳ በአቧራ ጭጋግ ተሸፍኗል። በስተ ደቡብ ተራራ ከተራራ ኋላ እየደበዘዘ ወደ ሰሐራ አቅጣጫ ይሄዳል። ቁራ የሚመስሉ፣ ምንቃራቸው ቢጫ የሆነ ጥቋቁር ወፎች የበሶ ፍርፋሪ ሊለቅሙ አጠገባችን አረፉ። ሱጁድ አሹክር ወረድን። የልጁን ስልክ አውጥተን አነሣን፤ ተራራውን፣ ብረቱን፣ ወፎቹን። እሱ የሌለበት 40 ያህል ፎቶ ስልኩ ውስጥ ገባ። የደሴዋ እህታችን ደግሞ የግማሽ ሊትር ጠርሙሷን ባዶ አድርጋ በረዶ እየጠቀጠቀች ሞላችና ‹‹የሐጂ ነው›› አለች። ከ15 ደቂቃ በላይ አልቆየንም። ደስታችን እውነተኛ ነበር፤ ግን ማናችንም ጮክ ብለን አልሳቅንም።

ስንወርድ በረዶው ላልቶ እስከ ጉልበታችን እየዋጠን ማደሪያው ጋ ስንደርስ 5 ሰዓት ሆኗል። ሐጂ የሉም። ማደሪያውን የሚጠብቀው ሰው ‹‹ሳይቆሙ አለፉ፤ በረዶው ከሚያልቅበት በታች በቅሎ ይጠብቃቸዋል›› አለን። ከዚያ እስከ ኢምሊል ያለውን መንገድ እንዴት እንደጨረስነው አናስታውሰውም። ማንም ወሬ አልጀመረም። መሪያችን ብቻ በየኬላውና በየሻይ ቤቱ በታሸልሒት እየጠየቀ ቀደመን፤ በየጊዜውም ዞሮ በእጁ ምልክት ሰጠን፤ አልፈዋል፤ አልፈዋል።

10 ሰዓት ላይ ኢምሊል ደረስን። ሐጂ አዲስ ቅጠል ባወጣ የዋልነት ዛፍ ሥር ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል፤ ከፊታቸው የናዕናዕ ሻይ አለ። ወጣቱ ጭኑን ተንተርሶ፣ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ እንቅልፍ ወስዶታል። ለካስ አምስት ሰዓት ሙሉ ክንዳቸውን ይዞ ነው የወረደው። የመንደሩ ጤና ጣቢያ ባለሙያ አይቷቸው ነበር። ሲዲ ሸምሀሩሽ ሲደርሱ ራሳቸው ቀሎላቸው፣ ኢምሊል ሲገቡ ደግሞ ዳቦ ጠይቀው በልተዋል። አልሐምዱሊላህ! አንድ በአንድ ግንባራቸውን ሳምን። ሐጂ ሁላችንንም አይተው ብርጭቆዋን አስቀመጡ።

‹‹ማታ እንዳመመኝ ታውቁ ነበር፣ አይደል?››

ማንም ቶሎ አልመለሰም። ‹‹እናውቅ ነበር›› አለች የደሴዋ እህታችን።

‹‹እኔም እንደምታውቁ አውቅ ነበር›› አሉ። ከዚያ ሻዩን ራሳቸው ከፍ አድርገው በየብርጭቆው ቀዱልን፤ እንደ አገሩ ሰው አረፋ እስኪይዝ ድረስ።

ወጣቱ ሲነቃ ስልኩን ተቀብሎ ፎቶዎቹን እያንዳንዳቸውን አየ። ወፎቹ ላይ ሲደርስ ‹‹ምንቃራቸው ቢጫ ነው እንዴ?›› ብሎ ጠየቀ። ሌላ አልተናገረም።

ጠርሙሷንም ለሐጂ ሰጠናቸው። ጢም ብላ የተሞላችው በረዶ ቀልጣ ከግማሽ በታች ውኃ ሆናለች። ሒሳብ መምህርቷ ‹‹የቀረው አየር ነበር›› ብላ አስረዳቻቸው። ሐጂ ወደ ብርሃን አንሥተው አዩዋት፤ ከድነው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቷት። ድሬዳዋ ወስደው ለቁርኣን ቤት ልጆቻቸው ሊያሳዩ ነው።

ከሁለት ቀን በኋላ በአውሮፕላን ጣቢያው መፈተሻ ጠባቂው ጠርሙሷን አወጣት። ፈሳሽ አያልፍም። ሐጂ በጥሩው የመድረሳ ዐረብኛ፣ ቱብቃል ጫፍ ላይ የነበረ ሠልጅ መሆኑን ከነታሪኩ አስረዱ። ወረፋው ከኋላችን ረዘመ። ጠባቂው ወጣት ነው፤ እስከ መጨረሻው አዳመጣቸው፤ ፈገግም አለ። ‹‹ኤል-ሓጅ፣ ወይ እዚህ ይጣላል፣ ወይ ይጠጣል›› አላቸው።

ሐጂ ወደ ወጣቱ ባልደረባችን ዞረው ጠርሙሷን ዘረጉለት። እሱ ግን ‹‹እርስዎ›› አላቸው። ከወረፋው ወጣ ብለው ጫማቸውን ባወለቁበት ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ ቢስሚላህ ብለው በሦስት ጉንጭ ጠጧት።